ስልኩ ቢበላሽ ማን ይተካል? ከብቸናና ከሞጣ ገበያ የሚነሣ የዋስትና ትምህርት

አንድ የእነማይ ወረዳ ገበሬ ጤፉን ብቸና ገበያ አውርዶ ሸጠ እንበል። ከሽያጩ ላይ 16 ሺህ ብር ቆርጦ ለልጁ መማሪያ፣ ለራሱም የእህል ዋጋ መጠየቂያ የሚሆን ስማርት ስልክ ገዛ። ስልኩ ሦስት ቀን በደኅና ሠራ። በአራተኛው ቀን ቻርጅ አልቀበልም አለ። ሰውዬው ስልኩን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ባለሱቁም ‹‹እኔ ሻጭ እንጂ ፋብሪካ አይደለሁም፤ ጋራንቲ አለው፤ አዲስ አበባ ውሰደው›› አለው። ገበሬው ዓባይ በረሃን ተሻግሮ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በማያውቀው ከተማ የማያውቀውን ቢሮ ከመፈለግ ይልቅ ስልኩን ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። የአንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ገንዘብም አብሮ ሣጥን ገባ።

ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ በብቸናም ሆነ በሞጣ ስልክ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። የዛሬው ትምህርታችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል። ለመሆኑ ባለሱቁ የተናገረው ትክክል ነው? ገበሬውስ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ከዚህ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ሕጉ ሻጩን ነው የሚያውቀው

በመጀመሪያ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት እንደሆነ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃውን መልሶ በሌላ እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ልብ ይበሉ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለሻጩ ነው። አዲስ አበባ ላለው አስመጪ ወይም ባሕር ማዶ ላለው ፋብሪካ አይደለም። ስልኩን ብቸና የሸጠልዎ ሰው ብቸና ላይ ይጠየቃል ማለት ነው። ሞጣ የገዛም ሞጣ ላይ ይጠይቃል።

ከአዋጁ በፊትም ቢሆን ገዢው ባዶ እጁን አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ስለ ሽያጭ ዋስትና ይናገራል። ሻጩ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ መሆኑንና እንከን የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ ይሆናል። ገዢውም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን በተረከበ ጊዜ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ለሻጩ ማሳወቅ ይገባዋል። ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ባለው 1 ዓመት ውስጥ መብቱን ካልጠየቀ ግን መብቱ ይቀርበታል። ሲገዛ የሚያውቀውን ጉድለት በኋላ አንሥቶ መክሰስም አይችልም።

እንግዲህ ባለሱቁ ‹‹እኔ ፋብሪካ አይደለሁም›› ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መልስ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ማን እንደሠራው ሳይሆን ማን እንደሸጠው ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚል ወረቀትም አዋጅ አይሽርም። ዕቃው ደኅና ሆኖ ገዢው ሐሳቡን ቢለውጥ ወረቀቱ ሊያነጋግር ይችላል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሦስት በሮች

ብዙ ሰው ‹‹ጋራንቲ›› ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ለገዢው ሦስት በሮች ተከፍተውለታል። በሮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ማምታታት አይገባም።

የመጀመሪያው በር ከላይ ያየነው የ15 ቀን በር ነው። ከሁሉም የሰፋ ነው፤ ምትክ ወይም ገንዘብ ያስገኛል። ነገር ግን ቶሎ ይዘጋል። ስልኩ ጥር 5 ቀን የተገዛ ከሆነ ጥር 20 ቀን ገደማ በሩ ይዘጋል። ስለሆነም የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ‹‹ነገ እንደ ገና ይሠራ ይሆናል›› እያሉ ቀን መቁጠር ብዙ ሰው አስከስሯል።

ሁለተኛው በር የአምራቹ ዋስትና ነው። ይህ ሕግ የሰጠው ሳይሆን ኩባንያው በራሱ ፈቃድ በካርቶኑ ውስጥ ባስቀመጠው ካርድ ላይ የሚገባው ቃል ነው። ለስልኩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ለባትሪ፣ ለቻርጀርና ለጆሮ ማዳመጫ ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ በር የሚገኘው ግን በአብዛኛው ነፃ ጥገና ነው እንጂ አዲስ ስልክ አይደለም። አዲስ ስልክ የሚሰጠው ብልሽቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት የታየ ከሆነ ወይም ተጠግኖ አልድን ካለ ነው። ዝርዝሩ በካርዱ ላይ ስለሚጻፍ ካርዱን ማንበብ ወይም ማስነበብ ግድ ነው።

ሦስተኛው በር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የ15 ቀኑ ጊዜ አልፎ፣ የአምራቹም ካርድ ጠፍቶ ቢሆን፣ ከውስጥ የነበረ የተሰወረ እንከን መኖሩን ማስረዳት የሚችል ገዢ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በሩ ለረዥም ጊዜ ክፍት ቢሆንም መግቢያው ከባድ ነው። ማስረጃ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይፈጃል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። በመጀመሪያው በር መግባት የሚችል ሰው ሁለተኛውን አያንኳኳ። በ4ኛው ቀን የተበላሸ ስልክ ይዞ የመጣን ገዢ ‹‹ጋራንቲ አለው፣ ወስደህ አስጠግን›› ብሎ መሸኘት፣ በሰፊው በር መግባት የሚገባውን ሰው በጠባቡ እንደ መምራት ነው።

ስልኩ ብቸና እንዴት ደረሰ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ችግሩ የት ላይ እንደሚፈጠር ለማወቅ የስልኩን መንገድ መከተል ይጠቅማል። በአገራችን ገበያ የሚገኘው ስልክ ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንዱ ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚገባው ነው። ሌላው እዚሁ የሚገጣጠመው ነው። ቴክኖ የተባለው ስልክ ባለቤት የሆነው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠም ጀምሯል። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች የዚሁ ኩባንያ ሲሆኑ፣ ከሽያጭ በኋላ ያለውን ጥገና የሚሠራው ካርልኬር የተባለው ክፍሉ ነው።

ስልኩ ከአስመጪው ወይም ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ በአብዛኛውም ወደ መርካቶ ይሄዳል። ከዚያ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ በኩል፣ አንዳንዴም በቀጥታ በደጀን በኩል ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ቸርቻሪ ይደርሳል። አንድ ስልክ ሦስት ወይም አራት እጅ ያልፋል ማለት ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የብቸናው ቸርቻሪ ለገበሬው ሻጭ ነው፤ ለመርካቶው ጅምላ ሻጭ ግን እሱ ራሱ ገዢ ነው። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለገበሬው የተሰጠው የዋስትና መብት ለቸርቻሪውም በጅምላ ሻጩ ላይ ተሰጥቶታል። እያንዳንዱ ወደ ኋላ እየጠየቀ ሄዶ ዕዳው በመጨረሻ ስልኩን ወደ ሠራው ወይም ወዳስመጣው ይደርሳል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በአንድ ነገር ነው፤ እሱም ደረሰኝ ነው። ቸርቻሪው ስልኩን ያለ ደረሰኝ ከገዛ ወደ ኋላ የሚጠይቀው የለውም። ወደ ኋላ የሚጠይቀው ሲያጣ ደግሞ ወደ ፊት ያለውን ገዢ ‹‹አላውቅም›› ይለዋል። ገዢው በቅናሽ ብሎ ያለ ደረሰኝ ሲገዛም እንዲሁ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

በኮንትሮባንድ የገባ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ወይም ‹‹ስላሽ›› እየተባለ የሚሸጥ ያገለገለ ስልክ ደግሞ የአምራች ዋስትና አይኖረውም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ዋጋው የረከሰው አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው። ገዢው በሺህ ወይም በሁለት ሺህ ብር ቅናሽ የሚሸጠው የራሱን መብት መሆኑን ይወቅ።

ከሱቅ ሳይወጡ የሚደረግ ምርመራ

ሕጉ ገዢውን ‹‹መርምር›› ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ምርመራ የብዙ ቀን ንትርክ ያስቀራል። የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. የካርቶኑ ማሸጊያ በፊትዎ ይከፈት። የተከፈተ ካርቶን ከሆነ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ።

2. በስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ይደውሉ። 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር (አይ.ኤም.ኢ.አይ.) ይወጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ አይግዙ፤ የጥገና ማዕከሉም ቢሆን አይቀበልዎትም።

3. የራስዎን ሲም ካርድ ከትተው ይደውሉ፤ ይስሙ፤ ይናገሩ። በሁለቱም የሲም ቦታ ይሞክሩ።

4. ቻርጀሩን ሰክተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መብራት ከሌለ ባለሱቁ ጄኔሬተር ወይም ሌላ መሞከሪያ ያቅርብ፤ እሱም ከሌለ መብራት ሲመጣ ተመልሰው እንደሚሞክሩ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍልዎ።

5. ስክሪኑን በጣትዎ ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱ። የማይሠራ ቦታ፣ መስመር ወይም ነጥብ ካለ ይታያል። ካሜራውን ከፊትም ከኋላም ያንሡበት። ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱ።

6. ደረሰኝ ይቀበሉ። በደረሰኙ ላይ የስልኩ ስምና ሞዴል፣ ዋጋው፣ ቀኑና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። የዋስትና ካርዱም ላይ ቀንና ማኅተም ይኑር።

ስለ ደረሰኝ ሁለት ነገር እንጨምር። በካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ፈጥኖ ይነጣል። ስለዚህ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ ያስነሡት። ሁለተኛው፣ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ያደረገ ሰው የክፍያው መልእክት ተጨማሪ ማስረጃ ይሆነዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ማስረጃ በገጠሩም ሰው እጅ ገብቷል። መልእክቱ የተከፈለውን ገንዘብ፣ ቀኑንና የክፍያውን ቁጥር ይይዛልና አያጥፉት። ስልኩ ከተበላሸ መልእክቱም አብሮ ስለሚጠፋ በወረቀት ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ።

ብልሽት ሲታይ

መጀመሪያ ብልሽቱ የስልኩ መሆኑን ያረጋግጡ። ቻርጅ አልቀበል ካለ በሌላ ገመድና በሌላ ቻርጀር ይሞክሩ። ኔትወርክ ካልያዘ የሌላ ሰው ሲም ይክተቱበት፤ የእርስዎንም ሲም በሌላ ስልክ ይሞክሩት። ከተንቀራፈፈ ወይም በራሱ ከተዘጋ በቅርቡ የጫኑትን ፕሮግራም ያጥፉ። ይህን የምንለው ገዢው ባለሙያ ይሁን ለማለት ሳይሆን፣ ባለሱቁ ‹‹ገመዱ ነው›› ወይም ‹‹ሲሙ ነው›› ሲለው መልስ እንዲኖረው ነው። ባትሪው አብጦ የስልኩ ጀርባ ከተነሣ ግን ምንም አይሞክሩ። አጥፍተው፣ ቻርጅ ሳያደርጉ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡና በቀጥታ ወደ ሻጩ ይውሰዱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ስሕተት ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወስደው በቅርብ ወዳለው የሞባይል ጥገና ቤት ነው። ጠጋኙ ብሎኑን ፈትቶ ስልኩን በከፈተበት ደቂቃ የአምራቹ ዋስትና አብሮ ይፈታል። በ15 ቀኑ ውስጥ ያለ መብትም ለክርክር ይጋለጣል፤ ሻጩ ‹‹ያበላሸው ጠጋኙ ነው›› ለማለት ቀዳዳ ያገኛልና። የዋስትና ጊዜው ያላለፈ ስልክ በማንም አይከፈት።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ከነካርቶኑ፣ ከነቻርጀሩና ከነደረሰኙ ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ። በመልካም ቃል ይጀምሩ። በትንሽ ከተማ ሻጭና ገዢ ነገም ይገናኛሉ፤ በእድርም በማኅበርም አንድ ላይ ናቸው። መልካም ቃል ግን ጽሑፍን አይተካም። ሻጩ ‹‹እስቲ ልጠይቅልህ፣ ሳምንት ተመለስ›› ካለዎ ያችን ሳምንት ከመስጠትዎ በፊት ማመልከቻዎን በጽሑፍ ይስጡ። ቀኑ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ የእርስዎ 15 ቀን በሻጩ ቀጠሮ ያልቃል።

ማመልከቻው ረዥም መሆን የለበትም። የሚከተለው ይበቃል፦

‹‹ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ስልክ እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ። ጥር 5 ቀን ከሱቅዎ በደረሰኝ ቁጥር (…) በ16,000 ብር የገዛሁት፣ መለያ ቁጥሩ (…) የሆነ ስልክ ከጥር 9 ቀን ጀምሮ ቻርጅ መቀበል አቁሟል። በሌላ ገመድና ቻርጀርም ተሞክሮ አልሠራም። ስልኩ አልወደቀም፤ ውሃ አልነካውም፤ በማንም አልተከፈተም። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በሌላ እንዲተካልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።››

ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ይስጡ፤ በሌላው ላይ መቀበሉን ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው በተገኘበት ይስጡትና የምስክሮቹን ስም በእርስዎ ቅጂ ላይ ይጻፉ። በስልክ የጽሑፍ መልእክት መላክም ቀኑን ስለሚያስመዘግብ ይጠቅማል።

ስልኩን ለሻጩ ወይም ለጥገና ሲያስረክቡ ሲም ካርድዎንና ሚሞሪ ካርድዎን ያውጡ። የሚከፈት ከሆነ ፎቶዎንና የሰዎችን ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ የጉግል አካውንትዎን ከስልኩ ላይ ያውጡ። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ። ለማስረከቢያም ‹‹ይህን መለያ ቁጥር ያለው ስልክ በዚህ ቀን ተቀብያለሁ›› የሚል ወረቀት ይቀበሉ።

ሻጩ እምቢ ቢልስ?

እምቢ ካለ የሚቀጥለው ደረጃ የወረዳው ወይም የከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው እሱ ስለሆነ ጉዳዩን እዚያው በቅርብ ሊያየው ይችላል። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ታጥፎ፣ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ስለዚህ በቀድሞው መሥሪያ ቤት ስም ማመልከቻ ይዞ የሚንከራተት ሰው እንዳይኖር። አዋጆችም በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ክስ ከማቅረብዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው ይረዱ።

በመካከሉ ሽምግልና አለ። በሞጣም በብቸናም በነጋዴው ዘንድ የሚከበሩ ሽማግሌዎች አይጠፉም። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ማመልከቻው ከተሰጠና ከተፈረመበት በኋላ ይሁን። ይህ ሁሉ ካልሠራ የወረዳ ፍርድ ቤት አለ።

እዚህ ላይ የአካባቢውን ሁኔታ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት፣ ጽሕፈት ቤትም ያልተከፈተበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ‹‹አዲስ አበባ ውሰደው›› ማለት ‹‹ተወው›› ከማለት አይለይም። ለሸማቹ የሚያዋጣው ይህንኑ ማወቅ ነው፤ ጥያቄውን ለሻጩ በጽሑፍ ለማቅረብ መንገድ መከፈት አያስፈልገውም። ሻጩ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ቀኑን በወረቀት ያስመዘገበ ሰው መንገዱ ሲከፈት መብቱን ይዞ ይቆያል።

ዋስትና የሚያፈርሱ ነገሮች

ሚዛኑን ለመጠበቅ የገዢውንም ጥፋት እንናገር። ዋስትና የሚሸፍነው ከፋብሪካ የመጣን እንከን ነው። ወድቆ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ አይሸፈንም። ውሃ የገባበትም አይሸፈንም፤ በብዙ ስልኮች ውስጥ ውሃ ሲነካው ከነጭ ወደ ቀይ የሚለወጥ ምልክት ስላለ ‹‹ውሃ አላየም›› ብሎ መከራከር አይሠራም። በሌላ ሰው የተከፈተ፣ መለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ የውስጥ ፕሮግራሙ የተለወጠ ስልክም ተቀባይነት የለውም።

የመብራት ነገርም አለ። መብራት በሚጠፋና በሚመጣበት ከተማ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል ርካሽ ቻርጀር ስልኩን ሊያበላሽ ይችላል። ከካርቶኑ በወጣው ቻርጀር ብቻ መጠቀም፣ መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ነቅሎ ኃይሉ እስኪረጋ መጠበቅ ስልኩንም ዋስትናውንም ያድናል።

ለባለሱቁ የሚሆን ሒሳብ

ባለሱቁ ‹‹ይህን ሁሉ ከተካሁ ከሰርኩ›› ይል ይሆናል። ሒሳቡን እንይለት። አንድ ገዢ ብቻውን አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምግብ 4 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ይህ የ16 ሺህ ብሩ ስልክ ሩብ ዋጋ ነው። ባለሱቁ ግን ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም። አምስት የተበላሹ ስልኮች ሰብስቦ በአንድ ጉዞ ቢወስድ ያው 4 ሺህ ብር ለአምስት ሲካፈል በስልክ 800 ብር ይሆናል። ዕቃ ሊያመጣ በሚሄድበት ጉዞ ከወሰደውማ ተጨማሪው ወጪ ከዚያም ያንሳል። ለገዢው የማይቻለው ነገር ለባለሱቁ ቀላል ነው ማለት ነው። የሞጣው ባለሱቅ ዕቃውን ከባሕር ዳር የሚያመጣ ከሆነም ሒሳቡ ያው ነው።

ስለሆነም ለቸርቻሪው የምንመክረው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከጅምላ ሻጩ ያለ ደረሰኝ አይግዛ። ሁለተኛ፣ የገዛቸውንና የሸጣቸውን ስልኮች መለያ ቁጥር በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ የሸጠው ስልክ የእሱ መሆኑን የሚያውቀው፣ የሌላ ሱቅ ስልክ ይዞ የመጣውንም የሚለየው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ከጅምላ ሻጩ ጋር ሲዋዋል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተበላሸ ስልክ ወዲያው እንደሚቀየርለት በጽሑፍ ያስቀምጥ። አራተኛ፣ ስልኩ ተጠግኖ እስኪመጣ ለገዢው የሚያውሰው አንድ ሁለት ተራ ስልክ ይኑረው። ይህን የሚያደርግ ሱቅ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የገበያ ቀን ሰው ራሱ ያወራለታል።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?

ምትክ መስጠት የድሀ አገር ነጋዴ ብቻ ያለበት ጣጣ አይደለም። ትልቁ ሳምሰንግ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ለገበያ አወጣ። ባትሪው እየጋለ መቃጠል ስለጀመረ ነሐሴ 27 ቀን 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ስልክ እንደሚመልስ አስታወቀ። በምትክነት የሰጣቸውም ሲቃጠሉ ጥቅምት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ማምረቱን ጨርሶ አቆመ። ኋላ በተደረገው ምርመራ ጥፋቱ የባትሪዎቹ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ባትሪዎቹን የሠሩት ደግሞ ሌሎች አምራቾች ነበሩ። ይሁንና ሳምሰንግ ገዢውን ‹‹ሄደህ ባትሪ ሠሪውን ጠይቅ›› አላለም። የሸጠው እሱ ነውና እሱ ተካ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው። በብዛት የምንገዛቸው ስልኮች መነሻ በሆነችው በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሞባይል ስልክ የወጣ ደንብ አለ፤ በ7 ቀን ውስጥ ገንዘብ መመለስ፣ በ15 ቀን ውስጥ መለወጥ፣ በ1 ዓመት ውስጥ በነፃ መጠገን። የእኛ 15 ቀን ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ለሻጩ የከበደ አይደለም።

ለማጠቃለል

ወደ ተነሣንበት ገበሬ እንመለስ። ስልኩን በአራተኛው ቀን ይዞ ሲመለስ ሰፊው በር ገና አልተዘጋም ነበር። 11 ቀን ቀርቶት ነበር። የጎደለው አንድ ገጽ ማመልከቻና ከኪሱ የሚወጣ ደረሰኝ ብቻ ነው። ባለሱቁም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የመለሰው፤ ወደ ኋላ የሚጠይቅበት ወረቀት ስላልነበረው ነው። በሁለቱ መካከል የጠፋው የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ማንንም አልጠቀመም።

እንግዲህ ብቸናም ሆነ ሞጣ፣ የሚቀጥለውን ስልክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ‹‹ደረሰኝ ትሰጣለህ ወይ? ቢበላሽ ትተካለህ ወይ?›› ብሎ ይጠይቅ። ‹‹አዎን›› የሚለው ሱቅ ጥቂት መቶ ብር ቢጨምርበት እንኳ አይወደድም። ‹‹አይ›› የሚለው ደግሞ የቱን ያህል ቢቀንስ አልረከሰም።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።